እንስሳው ሳይታመም ክሊኒኩን ይምረጡ፦ የውሻና የድመት ክሊኒኮችን ማወዳደሪያ መንገድ

ብዙ ሰው የእንስሳት ክሊኒክ መፈለግ የሚጀምረው ውሻው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልስ አድሮ ሲነጋ ነው። በዚያ ሰዓት ማወዳደር የሚባል ነገር የለም፤ ቀድሞ በተከፈተው በር ይገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እንስሳው ደህና በሆነበት ሳምንት የሚሠራ ነው። ሁለት ግማሽ ቀን፣ አንድ ደብተርና ስልክ ይበቃሉ።

መነሻው ይህ ነው፦ ለሁሉም ክሊኒክ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቅርቡ፣ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነገር ይዩ። አንዱን በክትባት ዋጋ፣ ሌላውን በእንግዳ ተቀባይዋ ፈገግታ፣ ሦስተኛውን በጎረቤት ምስክርነት ከመዘኑ መጨረሻ ላይ የሚያወዳድሩት ነገር አይኖርዎትም። የሰሌዳው ትልቅነትና የወለሉ ንጣት ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባሉ፤ እንስሳውን የሚያድኑት ግን ፍሪጁ፣ ሚዛኑ፣ መዝገቡና ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ሰው ናቸው።

ርቀቱን በሰዓት ይለኩ

በመጀመሪያ ከቤትዎ በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚደረስባቸውን ክሊኒኮች ሁሉ ይጻፉ። ደቂቃው የሚቆጠረው እሑድ ጠዋት ሳይሆን መንገድ በሚጨናነቅበት በ11 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። ደረቱ ጠለቅ ያለ ትልቅ ውሻ ጨጓራው በጋዝ ተነፍቶ ሲጠማዘዝ ለማዳን ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሊያስመልስ እየታገለ ምንም አለመውጣቱ፣ ሆዱም እንደ ከበሮ መወጠሩ ምልክቱ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ይዞ ከተማ ማቋረጥ አይቻልም። በሌላ በኩል ቅርብ ያለው ክሊኒክ ራጅና የቀዶ ሕክምና ክፍል ላይኖረው ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው ሁለት መያዝ ነው፦ አንድ ቅርብ፣ አንድ ደግሞ ራቅ ቢልም መሣሪያው የተሟላለት።

ቀጥሎ ከዝርዝሩ የሚሰረዙት ውሻና ድመት ማከም የማያዘወትሩ ቤቶች ናቸው። "የእንስሳት ሕክምና" የሚለው ሰሌዳ ከጀርባው የከብትና የዶሮ መድኃኒት መሸጫ ሊሆን ይችላል። ከብት የሚያክም ሐኪም ከማንም አያንስም፤ ግን ድመት ትንሽ ውሻ አይደለችም፣ ውሻም ትንሽ ጥጃ አይደለም። ሰው ለራስ ምታት የሚውጠው አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ ያንን ኬሚካል የሚያስወግድበት መንገድ ደካማ ነውና። ለውሻ ቁንጫ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ድመትን ያንዘፈዝፋታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ኮሊ የሚባለውን የእረኛ ውሻ ዘርና የቅርብ ዘመዶቹን ደግሞ ለከብት በሚሰጠው መጠን የተወጋ አይቨርሜክቲን የሚባል የትልና የእከክ መድኃኒት አንጎላቸውን ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ "በሳምንት ስንት ድመት ታያላችሁ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱ "አንዳንዴ ይመጣል" ከሆነ ድመት ያለው ሰው ሌላ ቤት ይሂድ።

የሙያ ፈቃዱንና የሐኪሙን ስም ይፈልጉ፤ ግድግዳ ላይ ካላዩት መጠየቅ ነውር የለውም። ጋዋን የለበሰ ሁሉ "ዶክተር" ተብሎ በሚጠራበት ቤት ሐኪሙ ማን እንደሆነ፣ ረዳቱ ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ረዳት መኖሩ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ያለ ረዳት ጥሩ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ጉድለቱ ሐኪሙ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብቅ ብሎ የቀረውን ቀን ረዳቱ በእሱ ስም ሲያክም ነው።

ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉትን አስተያየት አንብቡ፣ ግን ባለ አምስት ኮከቡንም ባለ አንድ ኮከቡንም ብዙ አትመኑ። እንስሳው የሞተበት ሰው በሐዘን ይጽፋል፤ የባለቤቱ ዘመድም አምስት ኮከብ ይሰጣል። ጠቃሚው መሃል ላይ ያለው ነው፣ በተለይ አንድ ዓይነት ቅሬታ በተለያዩ ወራት ሲደጋገም፦ "ከተነገረኝ በላይ አስከፈሉኝ"፣ "ምን እንደወጉት አልነገሩኝም"።

በስልክ የሚጣሩ ነገሮች

ዝርዝሩ አራት ወይም አምስት ክሊኒክ ላይ ሲደርስ ለሁሉም ይደውሉ። መልሱን በራሳቸው አነጋገር ይጻፉት፤ በኋላ ሲያነቡት አነጋገሩ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ቀዳሚው ጥያቄ ስለ ሌሊት ነው። "24 ሰዓት" የሚለው ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው። አንደኛው ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ክሊኒኩ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ዘበኛ ወይም ረዳት አለ፣ ሐኪሙ ሲጠራ ከቤቱ ይመጣል ማለት ነው። ሦስተኛው ስልኩ ይነሳል፣ "ጠዋት አምጡት" ይባላል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ ሐኪሙ ከቤቱ የሚመጣ ከሆነም በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ። ከዚያ እሑድ ማታ 4 ሰዓት ላይ መልሰው ይደውሉና ማን እንደሚያነሳ ይስሙ። አስተኝቶ የሚያክም ቤት ከሆነ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ግሉኮስ የተተከለለት ውሻ ሌሊት ብቻውን ነው ወይስ የሚያየው ሰው አለ? ብቻውን የሚያድር ከሆነ ካኑላውን፣ ማለትም ደም ሥሩ ውስጥ የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ ነክሶ ቢነቅለው እስኪነጋ የሚያውቅለት የለም። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ እንስሳው ቤቱ አድሮ ጠዋት እንዲመለስ ያደርጋሉ፤ ይህን በግልጽ የሚነግርዎ ቤት ያስመሰግናል።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ነው። "ወንድ ድመት ሽንት ሊሸና ደጋግሞ ቢቀመጥና ምንም ባይወጣው ምን ትሉኛላችሁ?" ይበሉ። ትክክለኛው መልስ "አሁኑኑ አምጣው" ነው። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በአሸዋ መሰል ጠጠር ወይም በዝልግልግ ነገር ሲደፈን ሽንቱ ፊኛው ውስጥ ይታቆራል፣ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ልብም ይቆማል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ሊሞት ይችላል። "ውኃ ብዙ ስጠው፣ ሰኞ አምጣው" የሚል ሰው ስልክ የሚያነሳ ከሆነ ውስጥ ያለው ሐኪም ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን እንስሳው እሱ ዘንድ ላይደርስ ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ቡችላ ክትባት ነው፦ "የመጨረሻው ዙር በስንት ሳምንቱ ነው?" ቡችላን የሚገድሉት የዲስቴምፐርና የፓርቮ ቫይረሶች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላ ወይም እስኪያልፍ ይቀጥላል። ምክንያቱ ቡችላው ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ነው። ያ መከላከያ በደሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ክትባቱንም ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅም ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። "በ10 ሳምንቱ ሁለቴ ወስዶ ይጨርሳል" የሚል ክሊኒክ ሳያውቀው ክፍት በር ይተዋል። ተከትበው ሳለ በፓርቮ የሚሞቱ ቡችሎች አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ዕድሜ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይሆናል።

ራጅ፣ አልትራሳውንድና የደም ምርመራ እዚያው እንዳለ ወይም ወደ ሌላ እንደሚላክ፣ ውጤቱም በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በአጭሩ ይጠይቁ። እዚያው አለመኖሩ ብቻውን አያሳስብ። ማይክሮስኮፕ ግን ግድ ነው። ከቆዳ በምላጭ የተፋቀ ናሙና እከክ የሚያመጣውን ተሐዋሲ፣ ዓይነ ምድር የትል ዕንቁላልን፣ የደም ጠብታ ደግሞ መዥገር የሚያስተላልፋቸውን በሽታዎች ያሳያል፤ ሦስቱም በደቂቃዎች የሚያልቁ ናቸው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቤት እከክ ሁሉ "አለርጂ" ይሆናል።

ያለ እንስሳው ይጎብኙ

ከስልኩ የተረፉትን ሁለት ወይም ሦስት ቤቶች ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሄደው ይዩ። እንስሳውን አይውሰዱ፤ እሱን ይዘው ምንም ማየት አይችሉም።

ፍሪጁን ለማየት ይጠይቁ። ጥያቄው ሊያስገርማቸው ይችላል፣ ግን የሚያኮራ ፍሪጅ ያለው ሰው በደስታ ይከፍታል። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ ነው። ውስጡ ቴርሞሜትር መኖር አለበት፤ ከጎኑ ደግሞ በቀን ሁለቴ የሚሞላ ወረቀት ቢለጠፍ ይመረጣል። ክትባቱ በሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ከሆነ መጥፎ ምልክት ነው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃልና። ከበረዶ ቤቱ ጋር ተጣብቆ ቢገኝም አይሆንም። ብዙ ሰዎች ክትባትን ሙቀት ብቻ የሚጎዳው ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን የእብድ ውሻ ክትባትን የመሰሉ በፈሳሽ የሚመጡ ክትባቶች አንዴ በረዶ ከሆኑ ቢቀልጡም ኃይላቸው አይመለስም። ምሳ ሳጥንና ለስላሳ መጠጥ አብሮ ካለ ፍሪጁ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። "መብራት ለአንድ ሌሊት ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚለውንም አይርሱ፤ ጀነሬተር፣ የበረዶ ሳጥን ወይም "ጥለን አዲስ እናስመጣለን" ሁሉም መልስ ነው። ትከሻ መነቅነቅ ግን መልስ አይደለም።

ክትባቱ ሲሰጥ የሚታዩ ሦስት ነገሮች አሉ። የደረቀው ዱቄትና ማሟሚያው እዚያው ፊት ለፊትዎ ይደባለቃሉ፣ ወዲያው ይወጋሉ፤ ጠዋት በሲሪንጅ ተስቦ የተቀመጠ ክትባት አይቀበሉ። ለአንድ እንስሳ ተብሎ የተዘጋጀ ብልቃጥ ለሁለት ቡችላ አይካፈልም። የክትባት መጠን እንደ ሌላው መድኃኒት በኪሎ የሚሰላ አይደለም፤ ትንሿም ውሻ ትልቁም ውሻ እኩል አንድ ሙሉ መጠን ይወስዳሉ። "ትንሽ ስለሆነች ግማሹ ይበቃታል" የሚል ካጋጠመዎ ቁጠባው የእርስዎ አይደለም። በመጨረሻም ከብልቃጡ የተላጠው ወረቀት፣ የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ያለበት፣ ካርዱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀንና ፊርማም ይሰፍርበታል። "ተከትቧል" የሚል ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚያ "ፓርቮ የያዘው ቡችላ ሲመጣ የት ይገባል?" ብለው ይጠይቁ። ቫይረሱ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፤ ሳሙናም አልኮልም አይገድለውም። የሚገድለው በረኪና ነው፦ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ፣ መጀመሪያ ታጥቦ በጸዳ ወለል ላይ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ርሶ ሲቆይ። ቆሻሻው ሳይነሳ ከፈሰሰ በረኪናው ቆሻሻው ላይ ይሞታል። ጥሩ መልስ "ሰው ደውሎ ሲነግረን በሌላ በር እናስገባለን"፣ "መኪናው ውስጥ እናየዋለን"፣ "ለብቻው ክፍል አለው፣ ጫማም እንቀይራለን" ይመስላል። ሁሉም በአንድ በር፣ በአንድ ጠረጴዛ ከሆነ እና ከሌላ በኩል ቤቱን ከወደዱት፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ሲወስዱ መሬት አያስነኩት፤ አቅፈው ይግቡ፣ አቅፈው ይውጡ።

አፍንጫዎንም ይጠቀሙበት። ትንሽ የእንስሳ ጠረን ያለ ነው። የቆየ ሽንት ሽታ ግን ጽዳቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይናገራል፤ ዓይን የሚያቃጥል የኬሚካል ሽታ ደግሞ ሰው ሊመጣ ሲል የተደፋ ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ የት እንዳለ ይዩ፦ ውሻ የሚቆምበት መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ለድመት ደግሞ ግራም የሚለይ ትንሽ። የቀዶ መሣሪያዎቹ በጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልለው ቀን ተጽፎባቸው መቀመጥ አለባቸው። በላያቸው ያለው ጭረት ያለበት ፕላስተር በእንፋሎት ማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ጭረቱ ይጠቁራል። ይህ መሣሪያው ሙቀት ማግኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ግን ጭረቱ እንደነጣ ያለ ጥቅል ካዩ ጉዳዩ አልቋል። መሣሪያውን ሳህን ውስጥ በዲቶል ዘፍዝፎ የሚያወጣ ቤት ለሆድ ቀዶ ጥገና አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወስደው እንደሆነ ቢጠይቁ መልሱ ስለ ቤቱ አያያዝ ብዙ ያስረዳል። ለራሱ ሠራተኛ ያልተጨነቀ ለሰው ውሻ ይጨነቃል ማለት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ትንሽ ይሁን

ጥፍር ማስቆረጥ፣ ማስመዘን ወይም ለትል መድኃኒት መውሰድ በቂ ሰበብ ነው። የሚፈልጉት ሐኪሙ ጤነኛ እንስሳ እንዴት እንደሚመረምር ማየት ነው። ጤነኛውን አሳጥሮ የሚያልፍ የታመመውንም አሳጥሮ ያልፋል።

ሙሉ ምርመራ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። መጀመሪያ ይመዘናል፤ ክብደቱ ካርዱ ላይ ይጻፋል። "ምን ይበላል? ከቤት ይወጣል? ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ወስዷል?" ይባላሉ። ከዚያ ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን በጣቱ ይጫነዋል፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ዓይኑን ያያል፤ ከአገጩ በታችና ከጉልበቱ ጀርባ ያሉትን ዕጢዎች ይዳስሳል። ልቡን በማዳመጫ ሲያደምጥ ሌላው እጁ ከኋላ እግሩ ውስጠኛ ታፋ ላይ ከሆነ የልብ ምቱንና የደም ሥሩን ምት አብሮ እየቆጠረ ነው፤ እንዲህ የሚያደርገውን ሐኪም ይያዙት። ሆዱን በሁለት እጁ በቀስታ ይጨብጣል። ሙቀቱን በፊንጢጣ ይለካል፤ የውሻም የድመትም መደበኛ ሙቀት በ38 እና በ39.2 ዲግሪ መካከል ነው። ስለዚህ 38.8 አይቶ "ትኩሳት አለው" የሚል ሰው የሰው ቴርሞሜትር ብቻ ሳይሆን የሰው ቁጥርም ይዟል ማለት ነው።

ድመት ላይ ሌላ መለኪያ አለ። ጥሩ ሐኪም ድመቷን ከሳጥኑ አንገቷን ይዞ አይጎትታትም። ክዳኑን ያነሳል፣ ከታችኛው ግማሽ ሳትወጣ ይመረምራታል፣ ከፈራች ፎጣ ያለብሳታል። መቆያው ላይ ድመትና ውሻ ፊት ለፊት የሚጠባበቁ ከሆነ ሳጥኑ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ቦታ እንዲቀመጥ፣ በጨርቅም እንዲሸፈን ማንም ሳይነግራቸው የሚያደርጉ ሠራተኞች ሥራቸውን ያውቃሉ።

አንዱ ትልቁ የጥራት ልዩነት በመርፌው ላይ ይታያል። እንስሳው ገና ሳይመረመር አንቲባዮቲክ፣ ቫይታሚንና ስቴሮይድ (እብጠትን ቶሎ የሚያበርድ መድኃኒት) በአንድ ላይ የሚወጋበት ልማድ አለ። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ ምክንያቱም ስቴሮይዱ ለሁለት ለሦስት ቀን ምግብ ያስበላል፣ ሙቀት ያወርዳል። በሽታው ግን ተደብቆ ይቀጥላል። ከስቴሮይድ ጋር ወይም በማግስቱ ስቴሮይድ ያልሆነ የእብጠትና የሕመም ማስታገሻ ከተጨመረ ደግሞ ጨጓራ ሊቆስል፣ አንዳንዴም ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም መርፌ ከመግባቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ ምን ጠረጠሩ? መድኃኒቱ ስሙ ማን ነው? ስንት ሚሊግራም፣ በየስንት ሰዓቱ? ምን ምልክት ባይ ልመለስ? መልሱ በጽሑፍ ከተሰጠ በጣም ጥሩ ነው። ብልቃጡን ደብቆ "የእኛ ቅልቅል ነው" የሚል ቤት ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ይሰረዝ፤ ሌሊት ሌላ ክሊኒክ ቢሄዱ ሁለተኛው ሐኪም ምን እንደተሰጠ ሳያውቅ ማከም አይችልም።

"ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ እንትን ክሊኒክ ልላክዎ" የሚል ሐኪም ካጋጠመዎ ነጥብ ይጨምሩለት።

ዋጋን በአንድ ሥራ ላይ ያወዳድሩ

የካርድ ዋጋና የክትባት ዋጋ ማወዳደር ትንሽ ነው የሚያሳየው። ለመለኪያ የሚመቸው ሴት ውሻ ማምከን ነው፤ አብዛኛው ክሊኒክ ይሠራዋል፣ የሆድ ቀዶ ጥገና ስለሆነም የቤቱን አቅም በሙሉ ያሳያል። "12 ኪሎ የምትመዝን፣ የአንድ ዓመት ተኩል፣ ጤነኛ ሴት ውሻ" ብለው ለሁሉም አንድ ዓይነት ያቅርቡና የሂሳቡን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ። የሁለቱ ቤቶች ዋጋ በእጥፍ ቢለያይ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ወይም ሦስቱ ውስጥ ነው ያለው።

የፊት እግር ደም ሥር ላይ የሚተከለው ካኑላ አለ ወይ? ውሻዋ ማደንዘዣ ላይ ሳለች የደም ግፊቷ ቢወርድ በዚያን ሰዓት ደም ሥር መፈለግ ከባድ ነው፤ ቀድሞ የተተከለ ካኑላ ግን ዝግጁ በር ነው። ወደ ትንፋሽ ቧንቧ የሚገባ ቱቦስ? ያለሱ ከጨጓራ የወጣ ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ትንፋሿ ቢቆምም ኦክስጅን ማስገቢያ ያጥራል። በምን እንደሚያደነዝዙም ይጠይቁ። ኬታሚን ብቻውን ለሆድ ቀዶ ጥገና አይበቃም፤ ዓይኗ ተገልጦ፣ ጡንቻዋ ተገትሮ፣ የሆድ ሕመሙም በደንብ ሳይደነዝዝ ይቀራል።

የሕመም ማስታገሻ ተካቷል? ርካሽ ከሆነው ዋጋ ላይ መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ነው። "ውሻ ሕመም ይችላል" የሚባለው ውሻ ሕመሙን ስለማይናገር ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ወይም በመሃል የሚሰጥ፣ ከዚያም ለሦስት እስከ አምስት ቀን ቤት የሚወሰድ ማስታገሻ መኖር አለበት። ለድመት ከሆነ ደግሞ ለድመት የተፈቀደው ዓይነት።

ማደንዘዣውን የሚከታተል፣ ከቆራጩ ሌላ ሰው አለ? ምላስ ላይ የሚቆነጠጥ የኦክስጅን መለኪያ ካለ ጥሩ፤ ባይኖር እንኳ በየ5 ደቂቃው የልብ ምት፣ ትንፋሽና ሙቀት የሚጽፍ ሰው ካለ መሣሪያው ብቻውን ካለበት ቤት ይሻላል። የምትሞቅበት ነገርም ይጠይቁ። ሆዷ የተከፈተች ትንሽ ድመት ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች፣ ስትቀዘቅዝም ከማደንዘዣው ለመንቃት ትዘገያለች፤ ሙቅ ውኃ የሞላ ጓንት በፎጣ ተጠቅልሎ እንኳ ይረዳል፣ በቆዳዋ ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ግን ያቃጥላል።

ቀድሞ የሚደረግ የደም ምርመራን በተመለከተ ትንሽ ልል ማለት ይቻላል። ለወጣትና ጤነኛ ውሻ ባይደረግ ክሊኒኩን አያስነቅፍም፤ ለ8 ዓመቷ ግን የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ሳይታይ ማደንዘዣ አይሰጥ። የአንገት መከለያው፣ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ስፌት ማውጣቱ፣ ቁስሉ ቢከፈት መልሶ ማየቱ በዋጋው ውስጥ መሆን አለመሆኑን ካልጠየቁ በኋላ እየተጨመረ ይመጣል።

አንድ ያልተጠበቀ መለኪያ ደግሞ የጾም ሰዓት ነው። ቀጠሮ ሲሰጡ ምግብ መቼ እንደሚቆም ራሳቸው ካልነገሩዎ ያሳስብ። ለትልቅ ጤነኛ ውሻ ብዙዎች ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ማቆምን ይነግራሉ፣ ውኃ አይከለክሉም። ለወራት ዕድሜ ቡችላና ለትንንሽ ዘር ግን ረጅም ጾም አደጋ ነው፤ ስኳራቸው ይወርዳል። ለሁሉም "ከዋዜማው ጀምሮ ምንም እንዳትሰጡ" የሚል ቤት ዕድሜውንና ክብደቱን አልጠየቀም ማለት ነው።

ነጥቡ እንዴት ይሰጣል

ነጥብ ከመስጠት በፊት ውድቅ የሚያደርጉትን ያውጡ፦ ከማደንዘዣ በፊት የማይመዝን፣ የመድኃኒት ስም የማይናገር፣ ያለ ማስታገሻ የሚቀድ፣ የክትባት ፍሪጁ ቴርሞሜትር የሌለው። ከእነዚህ አንዱ የተገኘበት ቤት በሌላ ነጥብ አይካስም።

ለቀሩት እያንዳንዱን ነገር ከ10 ይመዝኑና በክብደቱ ያባዙ። ለብዙ ሰው የሚሠራው ክፍፍል ምርመራና ማብራራት 30፣ የድንገተኛ አገልግሎት 25፣ ቀዶ ሕክምና 20፣ ራጅና ላቦራቶሪ 15፣ መዝገብ አያያዝ 10 ነው። ለምሳሌ ክሊኒክ ሀ ትልቅ ሕንፃ፣ ዘመናዊ ራጅ ያለው፣ ግን ሐኪሙ በአራት ደቂቃ የሚጨርስ ይሁን፤ በቅደም ተከተል 5፣ 4፣ 7፣ 9፣ 6 ቢያገኝ ድምሩ 585 ይሆናል። ክሊኒክ ለ ሁለት ክፍል ብቻ፣ ራጅ የሌለው፣ ሐኪሙ ግን በደንብ የሚመረምርና ሌሊት የሚመጣ ቢሆን 8፣ 7፣ 6፣ 3፣ 8 አግኝቶ 660 ይደርሳል። ክሊኒክ "ለ" ቋሚ ቤትዎ ይሆናል፣ ክሊኒክ "ሀ" ደግሞ ራጅ ሲያስፈልግ የሚሄዱበት። ራጅ ሲነሱም ከሁለት አቅጣጫ እንዲነሳ ይጠይቁ፤ ከጎን ብቻ ሲታይ ደህና የሚመስል ስብራት ከፊት ሲታይ ተለያይቶ ይገኛል።

ዋጋን ወደ ነጥቡ አያስገቡት። የሁለቱ ድምር ልዩነት ከ50 ካነሰ ብቻ ዋጋው ይለያቸው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ያረጀ እንስሳ ካለዎት ደግሞ የላቦራቶሪውን ክብደት ወደ 25 ከፍ ያድርጉና ከቀዶ ሕክምናው ይቀንሱ።

ከመረጡ በኋላ

የክትባት ካርዱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተው ስልክዎ ላይ ያኑሩ፤ ካርድ ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ ቡችላም ይበላዋል። የሁለቱንም ክሊኒኮች ስልክ "ውሻ ሌሊት" እና "ውሻ ራጅ" ብለው ይመዝግቡ፣ በድንጋጤ ሰዓት የክሊኒኩ ስም አይታወስምና። አንድ ምሽት ሲያልፉ በዚያ ይለፉና የሌሊት መግቢያው የትኛው በር እንደሆነ ይዩ፤ ዋናው በር በሰንሰለት ተቆልፎ የሚገባው በጓሮ የሆነ ክሊኒክ ብዙ ነው።

ክሊኒክ የሚቀይሩ ከሆነ ከቀድሞው ቤት የክትባት ካርዱ ብቻ አይበቃም። የላቦራቶሪ ውጤቶቹን፣ የራጅ ምስሉን በፍላሽ ወይም በስልክ፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ከሆነ ምን እንደተሰጠውና እንዴት እንደነቃ የሚለውን ይጠይቁ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ አዲሱ ሐኪም ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው እሱን ነው። መዝገቡን ለመስጠት የሚያንገራግር ቤት ካለ በስልክ ሳይሆን በአካል ሄደው፣ ሐኪሙ ባለበት ሰዓት፣ ፎቶ ለማንሳት ብቻ እንደሚፈልጉት ይንገሩት፤ ብዙውን ጊዜ ይሰጣል።